የተቀዳ ድምፅ የማን ሐቅ ነው?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። አንዲት በመዳፍ የምትያዝ የድምፅ መቅጃ፣ አንድ አዛውንት፣ አንድ ረከቦት ቡና፤ ከዚህ የሚያልፍ ነገር የለበትም። ሆኖም ከዚያች ከሰዓት በኋላ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዞኝ የሚዞር ጥያቄ አለ። ሰው ሳያውቅ የተቀዳ ድምፁ የማን ሐቅ ነው? የተናገረው ሰው? የቀዳው? ወይስ በንግግሩ ውስጥ ስሙ የተነሳው ሦስተኛ ሰው? ጥያቄውን ለብቻዬ ተሸክሞ መቆየቱ ስለከበደኝ፣ ከእኔ የተሻለ ዕውቀት ያላቸው ወንድሞችና እህቶችም ይመክሩበት ዘንድ በዚህ ገጽ አወጣዋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ከዚህ በታች የምተርከውን የምጽፈው በሟቹ የበኩር ልጅ ፈቃድ ነው። ያም ሆኖ ስም አልጠራም፤ ቀበሌውንም አልናገርም፤ ደቡብ ወሎ፣ ከኮምቦልቻ ብዙም የማይርቅ ቢባል ይበቃል። በሬ ብዬ የምጠራውም በሬ ላይሆን ይችላል። ስለ አማና እየጻፉ አማና መብላት እንዳይሆንብኝ ነው።

በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ፋታ ሳገኝ ወደ ወሎ ወጣ እላለሁ። የምሄደው ድምፅ ልቀዳ ነው። በቁርኣን ቤት ልጆች ሉሐቸውን ይዘው በአንድ ዜማ ሲቀሩ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ ከኮረብታ ላይ የሚወጣ አዛን፣ የወዳጃ ዱዓ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአዛውንቶች መንዙማ። መንዙማን በተመለከተ በዑለማዎቻችን መካከል ያለው ክርክር የታወቀ ነው፤ እኔ ብይን ለመስጠት ዕውቀቱም ድፍረቱም የለኝም፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አይደለም። የትኛውንም ወገን የሚደግፍ ሰው ግን አንድ ነገር የሚክድ አይመስለኝም። ሸይኽ ጦልሐ ጃዕፈርን የመሰሉ የወሎ ሊቃውንት አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም እየጻፉ ሕዝቡን ዲኑን ያስተማሩበት፣ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን እምነቱን እንዲተው በተገደደ ጊዜም ያጽናኑበት አንዱ መንገድ ይህ ነበር። ከዚያ ቅርስ ውስጥ በወረቀት ያልሰፈረው ዛሬም በደረት ውስጥ ነው ያለው። ደረቱ ሲቀበር አብሮ ይቀበራል።

መሣሪያዬ ሁለት ባትሪ ድንጋይ የምትጎርስ ትንሽ ነገር ናት። ከአናቷ ሁለት ማይክሮፎኖች እንደ ፍየል ቀንድ ብቅ ብለው ይተላለፋሉ። ነፋስ እንዳይገባባት የምትለብሰው ጸጉራም ቆብ አላት፤ የገጠር ልጆች ባዩዋት ቁጥር «ድመት!» እያሉ ይስቃሉ። ስትቀዳ ቀይ መብራት ታበራለች። በጥሩ ጥራት ሲቀዱባት በሰዓት አንድ ጊጋ ባይት ያህል ትበላለች፤ በውስጧ ያለው ካርድ 32 ጊጋ ስለሆነ 30 ሰዓት ያህል ይይዛል ማለት ነው። ይህን ቁጥር አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አዛውንቱን ያገኘኋቸው በሰው ጥቆማ ነው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ፣ ሐጅ ያደረጉ ሰው ስለነበሩ ሐጂ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። መቅጃዋን አሳየኋቸው፤ ምን እንደምትሠራ፣ ለምን እንደምፈልጋትም ነገርኳቸው። «ቅዳው ልጄ፤ ከእኔ ጋር አፈር ቢገባ ለማን ይበጃል?» አሉኝ። ፈቃዱ ከሙሉ ልብ ነበር። ግን ልብ በሉ፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለመንዙማው ነው።

አንድ ሰዓት ከምናምን አዜሙ። ዓይናቸው ከመሣሪያዋ አልተነቀለም። ድምፃቸው ጠንካራ ቢሆንም ደረቅ ነበር፤ ሹመኛ ፊት ቆሞ እንደሚናገር ሰው ይጠነቀቁ ነበር። በመጨረሻ «በቃን» አሉና ቡና ቀረበ። መቅጃዋን ከመከዳው አጠገብ አኖርኳት፤ አጥፍቻት እንደሆነ ለኔ እርግጥ ነበር። አቦሉ ተጠጣ። ቶናው ሲቀዳ ዓይኔ ወደ መከዳው ሄደ። ቀዩ መብራት በርቷል።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ የነበረው መርሳት ነው፤ የረሳ ሰው ደግሞ በዲናችን አይያዝም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን መርሳት አይደለም። እጄን ልዘረጋ አሰብኩ። ነገር ግን ሐጂ ያን ጊዜ ስለ ሸኻቸው፣ በደረሳነት ስለ ዞሩበት አገር ማጫወት ጀምረው ነበር። ድምፃቸው ተለውጧል፤ በዜማው ጊዜ ያልነበረ ሙቀት ገብቶበታል። «ትቆይ፤ ምን ትጎዳለች፤ ኋላ አስፈቅዳለሁ» አልኩ በልቤ። እጄንም መለስኩ።

ትንሽ ቆይቶ ሐጂ ዝም አሉ። ወደ ኋላቸው ዘወር ብለው ምራታቸው ጓዳ መግባቷን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ማለትም በ1977 ዓ.ም.፣ አንድ ጎረቤታቸው በመንግሥት ሰፈራ ከነቤተሰቡ ወደ ምዕራብ ሲጫን በሬውን አማና ብሎ ትቶላቸው ሄደ። ሲያልፍለት መጥቶ ሊወስደው ነበር። እሳቸው ግን ልጆቻቸው ሲራቡ በሬውን ሸጡት። ሰውየው አልተመለሰም፤ እዚያው ሞተ ተባለ። ልጆቹ በሕይወት እንዳሉ ሰምተዋል። «በስሙ ሰደቃ አውጥቻለሁ፤ በየረመዷኑ ዱዓ አደርግለታለሁ። ግን አላረፈልኝም፣ ልጄ» አሉኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አሁን አላስታውስም፤ መቅጃዋ ግን ታስታውሳለች፤ ምንም አላልኩም። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቃቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሌላ መንዙማ ጀመሩ። ስምንት ደቂቃ ያህል ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ካዜሙት ሁሉ የሚበልጥ፣ ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ያሉ አዛውንቶችን ጠይቄ የሚያውቀው ሰው ያላገኘሁለት መንዙማ።

ሰው መጣ፤ መሸ፤ አፈርኩም። ሳላስፈቅድ ተሰናብቼ ወጣሁ። ሐጂ ከስምንት ወር በኋላ ወደ አኼራ ሄዱ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ከዚህ በፊት ስለ ፈቃድ ብጠየቅ መልሴ ቀላል ነበር፤ ጠይቅ፣ ሲፈቀድልህ ቅዳ፣ ሲከለክሉህ ተው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ። ድምፅ የሚቀዳ ሰው ሁሉ በልቡ የሚመኘው አንድ ነገር አለ፤ ተቀጂው መሣሪያዋን እንዲረሳት። መልካሙ ድምፅ የሚመጣው ያን ጊዜ ነውና። ሰው መቀዳቱን እያሰበ የሚያወጣው ድምፅ ሌላ ነው፤ ረስቶት የሚያወጣው ሌላ ነው። እንግዲህ ፈቃድ የሚሰጠው መሣሪያዋን የሚያስታውሰው ሰው ነው፤ የምንፈልገውን ድምፅ የሚሰጠን ግን የረሳው ሰው ነው። አንደኛው የፈቀደውን በሁለተኛው ላይ ማዋል ይቻላልን? እኔ አይመስለኝም። ፈቃድ ማለት የፈቀደው ሰው ባሰበው ወሰን ውስጥ እንጂ፣ የተፈቀደለት በተመኘው ልክ የሚሰፋ ነገር አይደለም። ለጁሙዓ ሰላት ልብስ ያዋሰ ሰው፣ ተዋሹ ሠርግ ቢሄድበት «ልብሱን ፈቅደህልኝ የለ?» ሊለው አይችልም።

በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) አማኞች አንዱ የሌላውን ነውር እንዳይሰልል ከልክሏል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች እንዲሰማባቸው የማይፈልጉትን ንግግር የሚያደምጥ ሰው በትንሣኤ ቀን በጆሮው የቀለጠ እርሳስ እንደሚፈስበት አስጠንቅቀዋል። ይህን ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜ የምስለው ግን በግድግዳ ሥር ተለጥፎ የሚያዳምጥ ሰውን ነበር። የእኔ ጆሮ ተጋብዞ የተቀመጠ ጆሮ ነው፤ ሐጂ እያወቁ የነገሩኝን ነው የሰማሁት። ያልተጋበዘው ጆሮ መከዳው አጠገብ ያለው ነው። እሱን ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

በኢማም አል-ገዛሊ ኢሕያእ ውስጥ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሳሉ በሌሊት ሲዞሩ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰምተው በግድግዳው ዘልቀው ገቡ፤ ሰውየውንም በኃጢአት ላይ አገኙት። ሰውየው ግን፣ እኔ አላህን ያመጽኩት በአንድ ነው፤ አንተ ግን ሰልለሃል፣ በበሩ አልገባህም፣ ሳታስፈቅድና ሰላም ሳትል ገብተሃል ሲል ሞገታቸው። ዑመርም ትተውት ወጡ። የሰነዱን ነገር ለባለሙያዎች ትቼ፣ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ የተሰማው ነገር እውነት ነበር። እውነት መሆኑ ግን የተሰማበትን መንገድ ሐላል አላደረገውም።

ከሁሉም ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ሐዲስ ነው። አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ እንደዘገቡት፣ አንድ ሰው ነገር ሲያወራህ ዘወር ብሎ ከተመለከተ ያ ንግግር አማና ነው ይላል ትርጉሙ። «ምስጢር ነው» ማለት አላስፈለገውም፤ መዞሩ ይበቃል። በእኔ ካርድ ውስጥ የሐጂ አንገት ሲዞር የሚፈጠረው ዝምታ አለ። ሁለት ሴኮንድ ተኩል ነው። ልብሳቸው ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

በሌላ በኩል የመቅዳትን ጥቅም አቃልዬ መናገር አልሻም። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ፎኖግራፍን ከሠራ በኋላ፣ ቁርኣን በዚህ መሣሪያ መቀዳቱ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚል ክርክር በሙስሊሙ ዓለም ተነስቶ እንደነበር ይታወቃል፤ ሆላንዳዊው ስኑክ ሁርግሮንየ በ1900 በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ ጽሑፍ አውጥቷል። ዛሬ ያ ክርክር አልቋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ቁርኣንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተርቲል ቀርተው በግብፅ ሲያስቀዱ፣ አስተማሪ በሌለበት አገር ያለ ሕፃን ሁሉ የሚከተለው ድምፅ አገኘ። ከመካከላችን ከእሳቸው ድምፅ ያልተማረ ስንት ሰው አለ? ስቴፋን ኩደልስኪ እ.ኤ.አ. በ1951 ስዊዘርላንድ ውስጥ ተሸካሚ መቅጃ ሠርቶ በትውልድ ቋንቋው በፖላንድኛ «ትቀዳለች» እንደማለት «ናግራ» ብሎ ሲሰይማት፣ መቅጃው ከስቱዲዮ ወጥቶ ወደ ሰው ቤት መሄድ ቻለ። የማይነበብን ሰው ድምፅ ፍለጋ አገር ለአገር መዞር ከዚያ ወዲህ ቀላል ሆነ።

ይሁን እንጂ እዚያው ታሪክ ውስጥ ሌላ ነገርም አለ። ያ ስኑክ ሁርግሮንየ ካሰባሰባቸው ነገሮች መካከል ከ1906 እስከ 1909 ባሉት ዓመታት በመካና በጂዳ የተቀዱ የሰም ሲሊንደሮች ይገኛሉ፤ ዛሬ ያሉት ሆላንድ ውስጥ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ነው። የዚያ ዘመን የመካ ሰዎች ድምፅ ከመካ ይልቅ ላይደን ይገኛል ማለት ነው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ድምፅ ለመስማት የማንን በር ያንኳኳሉ?

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የእኛው አገር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክ መልእክቷን በፎኖግራፍ ቀድታ ላከች፤ ሲሊንደሩ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋም አዘዘች። እንደ ቃሏም ተፈጸመ። ምኒልክና ጣይቱ በመልሱ የላኩት ድምፅ ግን ቀርቷል፤ ዛሬም ይሰማል። ታሪክ ተመራማሪዎች የንግሥቲቱ ሲሊንደር በመጥፋቱ ማዘናቸው አይቀርም። እኔም ብሆን በሰማሁት ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ሴትዮዋ ገና መሣሪያው ሲወለድ የገባት ነገር አለ፤ ድምፅ ሲላክ በቅድመ ሁኔታ ሊላክ ይችላል፤ ተቀባዩም ያን ቅድመ ሁኔታ መጠበቅ ግዴታው ነው። ግማሹን ዓለም በምትገዛ ንግሥት ዘንድ የታወቀ ሐቅ በአንድ የወሎ ገበሬ ዘንድ የማይታወቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

የካሴት ዘመን አንድ ራሕመት ነበረው። 90 ደቂቃ የምትይዝ ካሴት በአንድ ገጿ የምትይዘው 45 ደቂቃ ነው። ሲያልቅ መሣሪያው «ቀጭ» ብሎ ይቆማል፤ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይሰማዋል፤ ረስቶት የነበረውም ያስታውሰዋል። ካሴቱን ገልብጦ እንደገና መጫን ማለት ሳያውቁት ሁለተኛ ፈቃድ መጠየቅ ነበር። የእኔዋ ግን ድንጋይ እየቀየርኩላት እስከ 30 ሰዓት ድረስ ትንፍሽ ሳትል ትቀዳለች። ጥራቱ በጨመረ ቁጥር ያ «ቀጭ» የሚያሰኘው የማስታወሻ ድምፅ ጠፋ።

አሁን ደግሞ መቅጃ ይዞ ወሎ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ በየኪሳችን አለ። የመስጂድ ኮሚቴ ስብሰባ ሳይበተን ድምፁ በቴሌግራም ይዞራል። ባልና ሚስት ሲጣሉ አንደኛው ስልኩን ከትራስ ሥር አድርጎ ለሽማግሌ የሚያቀርበው «ማስረጃ» ያዘጋጃል። ሽማግሌዎቹም ይሰማሉ! አንድ ወዳጄ ይህን ሳነሳበት፣ «ምን አለበት? የምንናገረውን ሁሉ መላኢካዎች ይጽፉት የለም ወይ? ከአላህ ያልተደበቀውን ከሰው ለምን እንደብቃለን?» አለኝ። አባባሉ ለጊዜው አፌን አስያዘኝ። በሱረቱ ቃፍ እንደተገለጸው አንዲት ቃል ያለ ተጠባባቂ አትወጣም፤ በሱረቱ ዘልዘላህም ምድር ራሷ በዚያ ቀን ወሬዋን ትናገራለች። ቢሆንም የወዳጄ ንጽጽር ልክ አይደለም። ያ መዝገብ የባለቤቱ ነው፤ ፈራጁም እሱ ነው። ያ መዝገብ ተውባን ያውቃል፤ በጎ ሥራ መጥፎውን ያብሰዋል። የሐጂ እንባ፣ በየረመዷኑ ያደረጉት ዱዓ፣ ያወጡት ሰደቃ በዚያ መዝገብ ውስጥ ምን እንደሠራ የሚያውቀው አላህ ነው። በእኔ ካርድ ውስጥ ግን ሐጂ ዛሬም በሬውን እንደሸጡት ነው፤ በከፈትኩት ቁጥር እንደገና ይሸጡታል። መላኢካዎችም ቢሆኑ የጻፉትን ለጎረቤት አያሰሙም።

ይህ ሁሉ የሚያመራው ድምፁን ወደማጥፋት ነው። ላጠፋውም ተነስቼ ነበር። ያቆመኝ በሬው ነው።

ምክንያቱም በሬው የሰው ሐቅ ነው። ሱረቱል በቀራህ ስለ ብድር በሚናገረው፣ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ በሆነው 282ኛው አንቀጽ ብድር እንዲጻፍና እንዲመሰከርበት ታዟል፤ በሚቀጥለው አንቀጽ ደግሞ አማና የተሰጠው ሰው አማናውን እንዲመልስ፣ ምስክርነትንም እንዳንደብቅ፣ የደበቀውም ልቡ ኃጢአተኛ እንደሆነ ተነግሯል። የአማኝ ነፍስ ዕዳው እስኪከፈልለት ድረስ በዕዳው እንደምትንጠለጠልም በሐዲስ ተዘግቧል። ሐጂ የነገሩኝ ምስጢር ነው ብዬ ዝም ብል፣ ምስጢራቸውን ጠብቄ ነፍሳቸውን ማንጠልጠሌ ይሆን? በስፍራው የነበርኩት ሰሚ እኔ ብቻ ነኝ። በሌላ ወገን ደግሞ ብናገር፣ ዘወር ብለው አይተው የነገሩኝን አዛውንት ከሞቱ በኋላ ማዋረዴ ይሆን? የሙስሊም ወንድሙን ነውር የሸፈነን አላህ እንደሚሸፍነው ተስፋ ተሰጥቷልና።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የማከብራቸውን ሸይኽ ሄጄ ጠየቅሁ። መልሳቸውን እንደ ፈትዋ ሳይሆን እንደገባኝ ላስቀምጠው። በመጀመሪያ መቀማመጫ ሁሉ አማና እንደሆነ የሚናገረውን፣ ነገር ግን ደም ማፍሰስን፣ ዝሙትንና የሰው ገንዘብ ያለአግባብ መውሰድን ለይቶ የሚያወጣውን የአቡ ዳዉድን ዘገባ አነሱልኝ፤ በሰነዱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ነቀፌታ እንዳለም ሳይደብቁ ነገሩኝ። ቀጥለው፣ ባለቤቱ ሊገኝ ያልቻለ ገንዘብ በስሙ ሰደቃ ይወጣል፤ ወራሾቹ ሊገኙ ከቻሉ ግን ሐቁ የእነሱ ነው፤ ሰደቃውን ማጽደቅም ገንዘቡን መጠየቅም ለእነሱ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ነው ዓይኔን የከፈተልኝ። «አንተ ሁለት ነገር ይዘሃል። በጆሮህ የገባው ቃል አለ፤ በመሣሪያህ የገባው ድምፅ አለ። ሐቅ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ቃሉ ነው። ቃሉን በምላስህ አድርስ፤ ለሚመለከተው ብቻ አድርስ። ድምፁን ግን ማንም አልሰጠህም» አሉኝ።

ይህን ልዩነት እኔ በራሴ አላየሁትም ነበር። መሣሪያ የያዘ ሰው የራሱን ጆሮ ይረሳል። ያለ መቅጃዋ የሰማሁት ዋጋ ያለው አይመስለኝም ነበር።

ወደ ወሎ ሄድኩ፤ የበኩር ልጃቸውን ለብቻው አገኘሁት። በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ የረጋ ገበሬ ነው። የሰማሁትን በተቻለኝ አክብሮት ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ወንድሜ፣ አንተን ዋሸህ አልልም። ግን አባቴ ይህን ነገር ለእኔ ሳይነግረኝ ለእንግዳ ይነግራል? ማሽኗ አልሰማችም?» አለኝ። ሸይኻችን ያላነሱልኝ ጥያቄ መጣ። «አልሰማችም» ብል ውሸት ነው። «ሰምታለች፣ ግን አላሰማህም» ብል፣ የአባቱን ድምፅ ከልጁ የምከለክል ማን ነኝ? ማዳመጫውን ሰጠሁት። ከዋንዛው ሥር ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ አዳመጠ። ልክ ሠርቼ እንደሆነ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም፤ በዚያን ሰዓት ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ተመልሶ ሲመጣ ስለ በሬው አላነሳም። «አባባ ማሽኗ መብራቷን ያውቅ ነበር?» አለኝ።

«አያውቁም ነበር» አልኩት።

«አንተስ?»

«አውቅ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የበሬውን ነገር ግን ልጁ እንደ ሰው አልለቀቀውም። በምዕራብ ያሉ የወሎ ሰፋሪዎችን በዘመድ በዘመድ እያስጠየቀ ከጥቂት ወራት በኋላ የጎረቤታቸውን ልጅ በስልክ አገኘው። ዋጋውን እንደ ዛሬው ገበያ እንክፈል አለው። ያኛው ሰው ከእናቱና ከእህቶቹ ጋር ተማክሮ መለሰ። ዐውፍ ብለዋል፤ ሰደቃውንም ተቀብለዋል፤ ለሟቹ ዱዓ አድርገዋል። አልሐምዱ ሊላህ። ሆኖም አንድ ነገር ጠየቀ። እሱ ከወሎ ሲወጣ የታቀፉት ሕፃን ነበር። ከአባቱ የቀረው ፎቶግራፍ የለም፤ መቃብሩም አይታወቅም። ሐጂ አባቱን በስሙ ጠርተውት እንደሆነ፣ እንዴት ያለ ሰው እንደነበረ ተናግረው እንደሆነ ጠየቀ። ጠርተውታል፤ ስለ እርሻው፣ ስለ ሳቁም ተናግረዋል። እሱን ያህል ልስማ ነው የሚለው።

እንግዲህ ጥያቄው ከጀመርኩበት ይልቅ ከብዶ ተመለሰብኝ። በሬው የሱ ሐቅ እንደነበረ ግልጽ ነው። የአባቱ ስም ያለበት የሌላ ሰው ድምፅስ የሱ ሐቅ ነው? ሐጂ በሕይወት ቢኖሩ እሺ ይሉ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን «እሺ ይሉ ነበር» ብዬ አይደለም ወይ ያን ጊዜም እጄን የመለስኩት? አንዳንድ ወዳጆቼ ምስጢሩን ቆርጠህ የአባቱን ስም የያዘውን ብቻ ስጠው ይሉኛል። በቴክኒክ በኩል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ያን ስምንት ደቂቃ መንዙማም እንዲሁ ቆርጬ ላስቀረው እችላለሁ፤ ሌላ ሰው የማያውቀው እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ቆርጬ ብሰጠውስ፣ እሱ ከአባቱ ስም በፊትና በኋላ ያለው ምን እንደሆነ አይጠይቅምን?

ፍርዱ የእኔ እንዳይሆን ለበኩር ልጁ ትቼዋለሁ፤ የሟች ድምፅ ሐቅ ካለው ለወራሹ ነው ብዬ። እሱ ደግሞ ወንድሞቹንና እህቶቹን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ለመጠየቅ ግን ምስጢሩን ሊነግራቸው ነው። «ረመዷን ይለፍና» አለኝ ባለፈው ስንደዋወል። እስከዚያው ካርዱን ከመቅጃዋ አውጥቼ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ከዋንዛው ሥር ከተሰማ ወዲህ አልከፈትኩትም።